አባቴ የመረቁት ሆቴል

አባቴን ሆቴል ማሳደሬን ለረጅም ጊዜ ለሰው አላወራሁም። እኛ ዘንድ ልጅ እያለው ሆቴል የሚያድር አባት ወይ ልጁን ረግሟል፣ ወይ ልጁ ረስቶታል። የእኔ ጉዳይ ከሁለቱም አልነበረም። የእኔ ጉዳይ የቧንቧ ነበር።

ሚሌኒየማችን ሊገባ አንድ ዓመት ሲቀረው ስዊድን አገር፣ ሃግሴትራ የሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ ክፍልና ማድ ቤት ያላት ቤት ተከራይቼ እኖር ነበር። ውሉ በስሜ ነው። ከዚያ በፊት ስንት ሰው ቤት፣ ስንት ሶፋ ላይ እንደተኛሁ አሁን ሁሉንም አላስታውሰውም። ቤቷን ባገኘሁ ማግስት አባቴን ከአዲስ አበባ ለጉብኝት ለማስመጣት አመለከትኩ። መጀመሪያ ተከለከሉ። እንደገና አመለከትኩ፣ ተፈቀደላቸው። ከተለያየን ዘጠኝ ዓመት ሆኖን ነበር።

ቪዛው በተፈቀደ በሳምንቱ ከቤት አከራዩ ደብዳቤ መጣ። ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ ስላቆምኩ የስዊድንኛ ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ነው የማነበው፤ ይኼኛው ሦስቴም ያው ነው። ስታምቢተ ሊደረግ ነው ይላል። ሕንፃው ሲሠራ ግድግዳ ውስጥ የተቀበሩት ቧንቧዎች አርጅተዋል፤ ተነቅለው በአዲስ ይተካሉ። ለሁለት ወር ያህል ቤት ውስጥ ውሃ የለም፣ ሽንት ቤት የለም፣ ሻወር የለም። ግቢው ውስጥ የጋራ ሽንት ቤትና መታጠቢያ ይቆማል፣ ለየቤቱ ቁልፍ ይሰጣል። ሥራው የሚጀመረው አባቴ ከሚገቡበት ቀን ሁለት ቀን ቀድሞ ነው።

አባቴ ሰፈራችን ውስጥ የቦኖ ውሃ ጠባቂ ነበሩ። የምንኖርበት ግቢ ሰባት ቤተሰብ፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ሽንት ቤት ነው። የቧንቧውም የሽንት ቤቱም ቁልፍ በክር ታስሮ አባቴ አንገት ላይ ይውላል። እኔ ከወጣሁ በኋላ ለጎረቤቱ ሁሉ፣ ልጄ ውሃ መኝታዋ ድረስ ከሚመጣበት አገር ነው ያለችው እያሉ እንደሚያወሩ ሰምቻለሁ። እንግዲህ መጥተው የሚያዩት ባዶ የቧንቧ ቀዳዳ ሊሆን ነው። እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ተመልሰው ሲሄዱ፣ ከልጄ ቤት ሰነበትኩ፣ ቤቷም ደህና ቤት ነው እንዲሉ።

ያን ጊዜ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ አብራኝ የምትሠራ የወሎ ሴት ነበረች። በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ ቮርቢ ጎርድ የሚባል ሰፈር ከባሏና ከአራት ልጆቿ ጋር ትኖራለች። ነገሩን ስነግራት ልጆቿን ደራርባ አባቴን እንደምታስተኛ ነገረችኝ። እምቢ አልኩ። ለቤተ ክርስቲያንሽ ሰዎች ልንገርልሽ ስትል ደግሞ ተውኝ ብዬ ለመንኳት። አንድ ሰው ከሰማ ወሬው በማግስቱ ሌላ ከተማ፣ ሶደርተልየ ድረስ ይገባል። ሰው ማስቸገርም ከልጅነቴ ጀምሮ ያቃተኝ ነገር ነው።

«እንግዲያው ርካሽ ሆቴል እንፈልጋ» አለች።

ሆቴል መምረጥ የተማርኩት ከእሷ ነው። አልጋ አታይም፣ መስኮት አታይም። ክፍሉን አሳዩን ብላ ትገባና በቀጥታ ወደ ቧንቧው ትሄዳለች። ትከፍተዋለች፣ እጇን ከሥሩ ታደርጋለች፣ ሙቁ እስኪመጣ በከንፈሯ ትቆጥራለች። ከዚያ የሽንት ቤቱን ውሃ ታወርድና ዓይኗን ጨፍና ታዳምጣለች። በቀን አምስት ጊዜ ለሶላት የምትታጠብ ሰው ስለሆነች ሥራ ቦታችንም ሆነ መንገድ ላይ ያለውን የእጅ መታጠቢያ ሁሉ በየጠባዩ ታውቀዋለች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ለእንግዳ ተቀባዮቹ በስዊድንኛ እያመሰገንኩ ታክ፣ ታክ እላለሁ፤ ውሃቸውን የሰረቅን ይመስል።

መጀመሪያ ያየነው ወደብ ላይ የታሰረ መርከብ ነበር። ክፍሉ ቆንጆ ነው። ሽንት ቤቱ ግን እንደ አውሮፕላን በአየር ይስባል። እሷ ማውረጃውን ስትጫነው ጮኾ ሲውጥ ሁለታችንም ግድግዳ ላይ ተለጠፍን።

«አባትሽ ሳይነሱ ቢነኩት ከባሕር ነው የምናወጣቸው» አለች። ወጣን።

ሁለተኛው ድሮ እስር ቤት የነበረ ሕንፃ ነው። እውነቱን ለመናገር በቧንቧ ከሁሉም እሱ ይበልጣል። ሙቁ ወዲያው ይመጣል፣ ጉልበት አለው፤ ጓደኛዬ እጇን ማውጣት አልፈለገችም። አባቴ ግን በደርግ ጊዜ ሰባት ወር ታስረዋል። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ አስመጥቼ እስር ቤት ላስገባቸው?

«ምን ቸገረሽ፣ አትንገሪያቸው» አለች።

«በሩን ሲያዩት ያውቁታል» አልኳት።

ደረጃውን ስንወርድ ሁለት ጊዜ ዞራ አየችው። እንደዚያ ያለ ሙቅ ውሃ ትቶ መሄድ ኃጢአት ነው የሚል ፊት ነበራት።

ሦስተኛው ሶደር የሚባል ሰፈር ውስጥ ምድር ቤት ነበር። መስኮቱ ከጣሪያው ሥር ሆኖ የመንገደኛ ጫማ ያሳያል። በአንድ ኮሪደር ስምንት ክፍል፣ ጫፉ ላይ ሁለት ሽንት ቤትና አንድ ሻወር፣ ሁሉም የጋራ። የእጅ መታጠቢያው ቀዩ ምልክት ቀዝቃዛ፣ ሰማያዊው ሙቅ ነው። ሻወሩ ደግሞ ግድግዳው ላይ ያለውን ብረት ሲጫኑት ይፈስና ሰው ፊቱን ሳሙና ቀብቶ ሳይጨርስ በራሱ ይቆማል። ጓደኛዬ አሥራ አንድ ጊዜ ተጫነችው። ሰነፍ ነው እንጂ ክፉ አይደለም ብላ ፈረደች። ሁለት አልጋ ያለውን ክፍል ያዝን። በሩ ላይ ቫንድራርሄም የሚል ተጽፏል፤ ርካሽ የመንገደኛ ማደሪያ ማለት ነው። ሆቴል የሚል ቃል የትም አልተጻፈም። ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም።

መዋሸት ፈልጌ አልነበረም። አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ አንድ ዓረፍተ ነገር እየተለማመድኩ ነው የሄድኩት፤ አባባ፣ ቤቴ ጥገና ላይ ስለሆነ ለጊዜው ሆቴል ይዤልዎታለሁ። አባቴ ሻንጣቸውን በሰንሰለት ጠምጥመው፣ በትልቅ ጓጉንቸር ቆልፈው ብቅ አሉ። አጥረዋል። አቅፈውኝ ሲያለቅሱ ዓረፍተ ነገሩ ጠፋብኝ። አውቶቡስ ውስጥ ቤትሽ ሩቅ ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። ቅርብ ነው አልኩ።

ምድር ቤቱ ደርሰን የክፍሉን በር ስከፍት አባቴ ደፉ ላይ ቆሙ። ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

«ቤትሽን ቤተ አብርሃም ያድርግልሽ። እንግዳ አይታጣበት። የገባ ሁሉ ጠግቦ ይውጣ፣ የወጣ ሁሉ ተመልሶ ይምጣ።»

አንገቴን ደፍቼ አሜን አልኩ። እሳቸው ጨምረው መረቁ፣ እኔም ጨምሬ አሜን አልኩ። ፎጣ ትከሻዋ ላይ የጣለች አንዲት ፈረንጅ በመካከላችን ማለፍ አፍራ እስክንጨርስ ቆማ ጠበቀች። አባት መርቆልኝ በአሜን የተቀበልኩትን ቤት፣ ይቅርታ የእኔ አይደለም ብዬ እንዴት ልናገር?

ከዚያ በኋላ ያዳነኝ ኮሙኑ፣ ማለትም ማዘጋጃ ቤቱ ነው። እዚህ አገር ኮሙን እጁን የማያስገባበት ነገር ስለሌለ፣ አባቴ ለሚጠይቁኝ ሁሉ መልሴ ኮሙኑ ነው የሚል ሆነ። አልጋ የምታነጥፈው ሴት ማን ናት? ኮሙኑ ነው የላካት። ጠዋት ጠዋት የስምንቱ ክፍል ሰው አንድ ላይ የሚበላው ዳቦና አይብስ? ኮሙኑ ነው። ዕቃሽ የት አለ ሲሉኝ እንኳን ኮሙኑ ብዙ ዕቃ አይወድም አልኩ። አባቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። መንግሥት ዕቃ እንደማይወድ በደርግ ጊዜ አይተዋል።

ቤት እንዲመስል ብዬ የእናቴን ፎቶግራፍ ከሃግሴትራ አምጥቼ ነበር፤ እናቴ ካረፈች ቆይታለች። ግድግዳው ላይ የነበረውን የጀልባ ሥዕል አውርጄ ምስማሩ ላይ እሷን ሰቀልኩ። ጽዳት ሠራተኛዋ በማግስቱ ጀልባውን መልሳ እናቴን መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠቻት። ከሥራ ስመለስ እንደገና ሰቀልኳት። እንዲህ ስንመላለስ በሦስተኛው ቀን አባቴ፣ «እናትሽ ቀን ቀን የት ነው የምትሄደው?» ብለው ጠየቁኝ። አቧራ እንዳይነካት ነው አልኩ።

ያልጠበቅኩት ነገር አባቴ አለመገረማቸው ነው። ስዊድን ድረስ መጥተው ልጃቸው ከማታውቀው ሰው ጋር በአንድ ሽንት ቤት ስትጠቀም ሲያዩ ያዝናሉ ብዬ ስሰጋ፣ እሳቸው ኮሪደሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተመላለሱና፣ «ግቢ ነው» አሉ። «ጣሪያ ያለው ግቢ።» በየበሩ አንገታቸውን እየሰበሩ እንደምን አደራችሁ ማለት ጀመሩ። ሰዎቹም በየቋንቋቸው ይመልሱላቸዋል። በየሁለት ቀኑ ፊታቸው ለምን እንደሚለዋወጥ ሲጠይቁኝ፣ ኮሙኑ ነው የሚያዛውራቸው አልኩ።

የሻወሩን ነገርማ ከእኔ ቀድመው ነው የተረዱት። ውሃው ቀጥ ሲል፣ ፈረቃ ነው አሉ። ሰፈራችን ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ስለሚመጣ፣ ቧንቧ ከፈሰሰ ያለ ዕቃ ሁሉ ይሞላል። አባቴ ኮሪደሩ ላይ ከተጣለው የላስቲክ ጠርሙስ ሰብስበው፣ ሞልተው፣ አልጋቸው ሥር ደረደሩ። የቆሻሻ ቅርጫቱን አጥበው ሞሉት። የሻይ ውሃ ማፍያውንም ሞሉት። ጽዳት ሠራተኛዋ በየቀኑ ትደፋዋለች፣ እሳቸው በየቀኑ ይሞሉታል።

«ውሃዬን የሚደፋ ሰው አለ» አሉኝ። «ይሄም ኮሙኑ ነው?»

ኮሙኑ ነው አልኩ።

«ክፉም ይሠራል ማለት ነው።»

አንድ ነገር ብቻ እንቅልፍ ነሳቸው። የሽንት ቤቱ ቁልፍ ማን ጋ እንደሆነ ጠየቁኝ። ማንም ጋ አይደለም፣ ክፍት ነው አልኳቸው። አላመኑም። እኛ ግቢ ሽንት ቤት ካልተቆለፈ የመንገደኛ ነው፤ ማንም ይገባል፣ ማንም አያጥብም። ስለዚህ የግቢው ሽንት ቤት ጓጉንቸር አለው፣ ሰው የሚገባውም ቁልፉን ከአባቴ ተቀብሎ ነው። ይህን ሁሉ ሲያስረዱኝ እኔ ስለ ሌላ ነገር እያሰብኩ እሺ እሺ አልኩ። የእኔ እሺ ግን ለእሳቸው ፈቃድ ነበር።

በአራተኛው ቀን ከሥራ ስመለስ ኮሪደሩ ውስጥ ፎጣና የጥርስ ብሩሽ የያዙ አምስት ሰዎች ተሰልፈዋል። ጫፉ ላይ አባቴ ካፖርታቸውን ለብሰው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። የሻንጣቸው ሰንሰለት በአንደኛው ሽንት ቤት እጀታና ከጎኑ ባለው የማሞቂያ ቧንቧ ዙሪያ ተጠምጥሟል። ጓጉንቸሩ ተንጠልጥሎበታል፣ ቁልፉ በክር አንገታቸው ላይ ነው። ተራው የደረሰ ሰው ሲመጣ ተነስተው ይከፍቱለታል። ሲወጣ ገብተው ያያሉ። ደህና ከሆነ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ደህና ካልሆነ ብሩሹን ያሳዩታል። አንድ ጢማም፣ ቁመቱ በሩን የሚያክል ወጣት ጎንበስ ብሎ ሲፈትግ በዓይኔ አይቻለሁ። ሁለተኛውን ሽንት ቤት ለመንገደኛ ብለው ክፍት ትተውታል፤ ወደዚያ የሚሄድ ግን አልነበረም።

የተቆጣ ሰው የለም። ሁሉም የቤቱ ሠራተኛ መስለዋቸው እያመሰገኑ ነበር የሚያልፉት። ነገሩን ያወቀችው እንግዳ ተቀባይዋ ናት። ከላይ ወርዳ ሰንሰለቱን አየች፣ አባቴን አየች፣ ከዚያ ወደ እኔ መጣች። በጥሩ አንደበት ነው የተናገረችኝ። አባትሽ ደስ የሚሉ ሰው ናቸው፣ ግን የሆቴል ሽንት ቤት መቆለፍ አይቻልም፣ እዚህ ሆቴል የእሳት አደጋ ደንብ አለ፣ ሆቴሉ ተጠያቂ ይሆናል አለችኝ። እኔ በልቤ የኮሙን መልስ እያዘጋጀሁ ነበር። ሁሉን ነገር ደብቄ፣ ይህ አንድ ቃል በእኛም በእነሱም ያው መሆኑን አላሰብኩትም።

«ሆቴል ነው የምትለው?» አሉ አባቴ።

ወለሉን አየሁ። ሰንሰለቱን ፈቱ፣ ጠቀለሉት፣ ወንበሩን አንስተው ለልጅቷ በሁለት እጃቸው ሰጧት። ወደ ክፍሉ ገብተው አልጋው ላይ ተቀመጡ። እኔ በሩን ተደግፌ ቆምኩ። በመስኮቱ ብዙ ጫማ አለፈ።

«ልጄ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ቤት የለሽም?»

የደነገጥኩት ያን ጊዜ ነው። ሆቴል ጣለችኝ ብለው ይቀየሙኛል እያልኩ ስፈራ ነበር። እሳቸው የፈሩት ሌላ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከአልጋ ቤት አልጋ ቤት ስንከራተት የኖርኩ መስሏቸዋል።

«አለኝ፣ አባባ።»

«የት?»

«ሃግሴትራ የሚባል ሰፈር። ግን ውሃ የለውም።»

ቀና አሉ። «ውሃ የለውም?»

«ቧንቧው ተነቅሏል። ሽንት ቤቱም ውጭ ነው፤ የጋራ ነው።»

«ቁልፍ አለው?»

«አለው።»

አባቴ ተነስተው ባርኔጣቸውን አደረጉ። «ዕድሜዬን ሙሉ ውሃ በሌለው ቤት የኖርኩ ሰው ነኝ። ከእኔ ነው ይህን የምትደብቂው? በይ፣ ሻንጣውን ያዢ።»

ጠርሙሶቹንም ይዘን ነው የወጣነው። ውሃ አይደፋም አሉ። በምድር ውስጥ ባቡሩ፣ በቱነልባናው ውስጥ ሰው ሁሉ እያየን፣ እሳቸው በሁለት ፌስታል ከሶደር ወደ ሃግሴትራ የሆቴል ውሃ ተሸክመው ሄዱ።

ቤቴ በር ላይ ስደርስ ከፍቼ አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ። ምርቃት እየጠበቅኩ ነበር። አባቴ ወለሉ ላይ የተነጠፈውን ወረቀት፣ ሶፋው ላይ የተጣለውን ላስቲክ፣ የተፈለቀቀውን ግድግዳ ቆመው አዩ።

«ምርቃቱን እዚያ ጨርሼዋለሁ» አሉ በመጨረሻ። «የተሰጠ አይመለስም። ባለሆቴሉ ይበለጽጋል እንግዲህ፣ ምን ይደረጋል።»

ከዚያ ገቡ። መታጠቢያ ቤቱ የነበረበት ቦታ ጣሪያው ላይ ቀዳዳ አለ፤ በእሱ በኩል የላይኛው ቤት ይታያል። ከላይ የምትኖረው አሮጊት ስዊድናዊት ድምፅ ሰምታ ቁልቁል አየችን። ሄይ አለች። አባቴ ባርኔጣቸውን አንስተው ሽቅብ ሰላምታ ሰጧት።

የቀሩትን ሳምንታት አባቴ በሥራ ነው ያሳለፉት። የሕንፃው ሰው ውሃ የሚቀዳው በሻይ ማንቆርቆሪያና በድስት ነበር፤ ቤት ሳይደርስ ግማሹ ደረጃው ላይ ይፈሳል። አባቴ ቀለም ቀቢዎቹ የጣሉትን ክዳን ያለው ባልዲ ለምነው፣ አጥበው፣ በየወለሉ ለሕንፃው አረጋውያን አስቀመጡ። የእጅ መታጠቢያ ውሃ ለወለል መወልወያ እንደሚሆን በምልክት አሳዩ። የላይኛዋን አሮጊት በአንድ ጆግ ውሃ ፀጉር እንዴት እንደሚታጠብ አስተማሯት፤ እኔ ሳፋ ይዤ፣ እሳቸው ፊታቸውን ዞረው በእጃቸው እየመሩ። በሁለተኛው ሳምንት የጋራው ሽንት ቤት የጽዳት ተራ ወጣለት። እንዴት እንደተግባቡ አላውቅም፤ እኔ ለዘጠኝ ዓመት ከዚህ አገር ሰዎች ጋር ከሄይ ያለፈ ሳልናገር የኖርኩ ሰው ነኝ። አሁን ግን ደረጃ ላይ ሲያገኙኝ አባትሽ ደህና ናቸው ወይ ይሉኛል፣ እኔም ቆሜ መልስ መስጠት ግድ ሆነብኝ።

ጓደኛዬ ልትጠይቃቸው መጥታ መጀመሪያ የሄደችው ወደ ግቢው መታጠቢያ ነው። ቧንቧውን ከፈተች፣ እጇን አስገባች፣ ቆጠረች።

«አንቺ» አለችኝ፣ «ያን ሁሉ ከተማ ያዞርሽኝ ይሄን ትተሽ ነው?»

አባቴ ከሄዱ ከወር በኋላ ውሃው ተመለሰ። የግቢው ሽንት ቤት ሊነሳ ሲል አከራዩ ቁልፎቹን ለመሰብሰብ ሰው ላከ። የእኔ የለም። ያልመለሰ ሰው ምክንያቱን የሚሞላበት ወረቀት ሰጡኝ። ብዙ አስቤ፣ ቁልፉ አባቴ አንገት ላይ ነው ብዬ ጻፍኩ። ሰውዬው አነበበው፣ እሺ ብሎ ወሰደው። በዚያው ሰሞን ከጓደኛዬ ጋር በሶደር በኩል ስናልፍ ምድር ቤቱ አጠገቡ ያለውን ሱቅ ጨምሮ ሲስፋፋ አየን። ክፍል የለንም የሚል ወረቀት በሩ ላይ ተለጥፏል።

አባቴ ጋ ደውዬ ቁልፉን ጠየቅኳቸው። አለ አሉኝ፤ ከግቢያችን ሁለት ቁልፎች ጋር አንድ ላይ ነው። ለግቢው ሰው፣ ከልጄ ቤት ሰነበትኩ፣ ደህና ቤት ነው ብለው ነገሩን በደንብ ጀምረውት ነበር። ውሃ እንደሌለውና ሽንት ቤቱም ውጭ እንደሆነ ሲጨምሩበት ሰው ሁሉ ሳቀ። ዓይን እንዳይገባት ብሎ ነው የሚደብቀው አሉ። እውነቱን ቢምሉም የሚያምናቸው ጠፋ።

«ሦስተኛው ቁልፍ የምን ነው ሲሉኝ የልጄ ነው አልኳቸው» አሉኝ። «የቤቷ ቁልፍ ነው ብለው ሽማግሌዎቹ ተነስተው መረቁሽ። እንግዳ አይታጣበት፣ ውሃው አይቋረጥበት አሉ።»

«እርስዎ ምን አሉ?»

ቁልፎቹ ሲንቃጨሉ በስልኩ ተሰማኝ።

«ምን ልበል፣ ልጄ? አሜን አልኩ።»